ለአንድ ታክል ሁለት የመጀመሪያ ዙር ፒክ?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ያደግኩት በእግር ኳስ ነው። የአሜሪካን ፉትቦል ማየት የጀመርኩት ከ15 ዓመት ልጄ ጋር ለመቀመጥ ብዬ ነው፤ አሁን ሁለታችንም የዋሽንግተኑ ቡድን የኮማንደርስ ደጋፊ ሆነናል። ኳሷን የሚወረውረው ኳርተርባካችን ሲወድቅ እያየን እንቃጠላለን። ልጄ ‹ሁለት የመጀመሪያ ዙር ድራፍት ፒክ ሰጥተን አንድ ምርጥ ታክል እናምጣ፤ ፒክ እኮ ሎተሪ ነው፣ ይሄ ግን የታወቀ ተጫዋች ነው› ይላል። እኔ ደግሞ ኳስ ለማይነካ ሰው የሁለት ዓመት ተስፋ መስጠት እብደት ነው እላለሁ። ማናችን ነን ልክ?»

ውሳኔው ላይ እርስዎ ልክ ነዎት። ምክንያትዎ ግን አያስኬድም። የልጅዎ ምክንያት ከእርስዎ ይሻላል፣ ውሳኔው ግን ገደል ይከታል።

መጀመሪያ «ኳስ የማይነካ ሰው» የሚለውን እንተወው። በሚቀጥለው እሑድ ኳሷ ስትነሳ አይከተሏት። ዓይንዎን መስመሩ ግራ ጫፍ ላይ ያለው ግዙፍ ሰው ላይ ይትከሉ። ሌፍት ታክል የሚባለው እሱ ነው። በቀኝ እጁ የሚወረውር ኳርተርባክ ጀርባውን የሚሰጠው ወደዚህ ሰው በኩል ነው፤ ከዚያ የሚመጣበትን አያየውም። ታክሉ ጉልበቱን አጥፎ፣ ወገቡን ዝቅ አድርጎ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ፊት ለፊቱ ያለው ደግሞ 120 ኪሎ የሚመዝን፣ እየሮጠ የሚመጣ፣ የት ጋ እንደሚታጠፍ ራሱ ብቻ የሚያውቅ ሰው ነው። ታክሉ ቀድሞ ወደ አንድ ጎን ካጋደለ አለቀ። እጁን ቀድሞ ከሰነዘረ፣ ያኛው እጁን መትቶ ያልፈዋል። ሁሉም ነገር የሚወሰነው ሁለት ሰከንድ ተኩል ገደማ ውስጥ ነው። ይህን በአንድ ጨዋታ ሠላሳ አርባ ጊዜ ይደግመዋል። ሠላሳ ዘጠኙን የሚያስተውልለት የለም፤ አንዷን ሲስት ግን ስሙን ስታዲየሙ ሁሉ ያውቀዋል።

ስለዚህ ሥራው ዋጋ አለው። ግን አንድ ታክል ብቻውን ላይን አይሆንም። ኦፌንሲቭ ላይን አምስት ሰው ነው፤ ሁለት ታክል፣ ሁለት ጋርድ፣ መሃል ላይ ሴንተር። ቨርጂኒያ ውስጥ የሃይስኩል ላይን አሰለጥን በነበረ ጊዜ አምስቱን ልጆች ወገባቸው ላይ በአንድ ገመድ አያይዛቸው ነበር። ተቃራኒዎቹ መሃል መንገድ ላይ ቦታ ሲለዋወጡ ጋርዱ የያዘውን ሰው ለታክሉ አስረክቦ የታክሉን መቀበል አለበት። አንዱ ግማሽ እርምጃ ከዘገየ ገመዱ ይወጠርና ጎረቤቱን ጎትቶ ይጥለዋል። አብዛኛውን ጊዜ ገመዱን የሚወጥረው ማን እንደነበር ልንገርዎት? ከሁሉም ጉልበተኛው ልጅ። ብቻውን ማሸነፍ ለምዶ ነበራ።

ከእግር ኳስ ለመጣ ሰው የሚያምታታው ሌላው ነገር ግብይቱ ነው። አውሮፓ ውስጥ ክለብ ተጫዋች ሲፈልግ ለሌላው ክለብ ገንዘብ ይከፍላል። ኤንኤፍኤል (የአሜሪካን ፉትቦል ሊግ) ውስጥ የዝውውር ሂሳብ የሚባል የለም። መገበያያው ፒክ ነው። ፒክ ደግሞ ተጫዋች ሳይሆን ወረፋ ነው። ከዩኒቨርሲቲ የሚወጡትን ልጆች 32ቱ ቡድኖች በሰባት ዙር ይመርጣሉ፤ ባለፈው ሲዝን የባሰበት ቀድሞ ይመርጣል። የተመረጠው ልጅ አስቀድሞ በተተመነ ደመወዝ ለአራት ዓመት ይፈርማል። የመጀመሪያ ዙር ከሆነ ቡድኑ አምስተኛ ዓመት መጨመር ይችላል። ሊጉ የደመወዝ ጣሪያ አለው፤ በ2025 ለአንድ ቡድን 279.2 ሚሊዮን ዶላር ነበር። አንድ ቦታ ላይ ብዙ የከፈለ ሌላው ቦታ ላይ ይጎድልበታል።

እንግዲህ ልጅዎ «ሎተሪ ነው» ሲል አልተሳሳተም። ከመጀመሪያ ዙር ተመርጠው የትም ያልደረሱ ሞልተዋል። የረሳው ነገር ሎተሪው ሲወጣ ምን እንደሚገኝ ነው። የሚገኘው ጥሩ ተጫዋች በርካሽ ነው። የታወቀ ታክል ሲያመጡ ግን የሚያገኙት ጥሩ ተጫዋች በውድ ነው፤ ያውም ፒኩን ከከፈሉ በኋላ።

ይህን የሚያሳይ ከታክሉ ከላሬሚ ቱንሲል የተሻለ ታሪክ የለም። በ2018 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) የሂውስተን ቴክሳንሱ ኳርተርባክ ዴሾን ዋትሰን 62 ጊዜ ሳክ ተደረገ፤ ኳሷን ሳይወረውር መሬት ላይ ተጣለ ማለት ነው። ከሊጉ የሚስተካከለው አልነበረም። ቡድኑ በቀጣዩ ዓመት፣ ሲዝኑ ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት፣ ቱንሲልን ከማያሚ ዶልፊንስ አመጣ። የሰጠው የ2020ን እና የ2021ን የመጀመሪያ ዙር፣ የ2021ን ሁለተኛ ዙር፣ በላዩም ሁለት ተጫዋቾችን ነው። ከቱንሲል ጋር ኬኒ ስቲልስ የሚባል ሪሲቨር (ኳስ ተቀባይ)ና ሁለት ዝቅ ያሉ ፒኮች መጡለት። ልጅዎ የሚያልመው ግብይት ማለት ይኸው ነው።

ቱንሲል ጥሩ ተጫዋች ነበር፤ ይህን የሚክድ የለም። ግን ዋትሰን በ2019 44 ጊዜ፣ በ2020 ደግሞ 49 ጊዜ ሳክ ተደረገ። ቀነሰ እንጂ አልቆመም። ምክንያቱም ሳክ ሁልጊዜ የላይኑ ጥፋት አይደለም። ዋትሰን ኳሷን ይዞ መቆየት የሚወድ ኳርተርባክ ነበር። አራት ሰከንድ ለሚቆይ ኳርተርባክ የትኛውም ታክል አይበቃውም። ቡድን ታክል ከመግዛቱ በፊት ማየት ያለበት መጀመሪያ ይህን ነው፦ ኳርተርባኩ የወደቀው ኳሷን ከያዘ ከስንት ሰከንድ በኋላ ነው? ከወደቀባቸው ጊዜያት ብዙዎቹ ከሦስት ሰከንድ በኋላ ከሆኑ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው ያለው።

በ2019 ቴክሳንስ ዲቪዥኑን (ምድቡን) አሸንፎ ነበር፤ ለፍርድ ያህል ልናገረው። ፕሌይኦፍ (ጥሎ ማለፍ) ላይ ካንሳስ ሲቲ ቺፍስን 24 ለ 0 መርቶ 51 ለ 31 ተሸነፈ። 51 ነጥብ የሚገባበትን ዲፌንስ ታክል አያድነውም።

ትልቁ ስህተት ግን ሌላ ነው። ቴክሳንስ ሰውየውን ያመጣው አዲስ ኮንትራት ሳያስፈርም ነው። መርካቶ ዕቃውን ቤቱ ካስገባ በኋላ ዋጋ የሚከራከር ገዢ አይተው ያውቃሉ? ነገሩ እንደዚያ ሆነ። ሁለት የመጀመሪያ ዙር የከፈሉበትን ሰው «በዛብኝ» ብለው አይለቁትም፤ እሱም ይህን ያውቃል። በአፕሪል 2020 የሦስት ዓመት 66 ሚሊዮን ዶላር ተፈራረሙ። በዓመት 22 ሚሊዮን ማለት ነው፤ በወቅቱ ለላይንማን ሪከርድ ነበር። አሁን የፒኩን ነገር ከዚህ ጋር ያስተያዩት። ቴክሳንስ የሰጠው የ2020 ፒክ 26ኛ ሆኖ ወጣ። ማያሚ ለግሪን ቤይ አሳልፎ ሸጠው፣ ግሪን ቤይ ኳርተርባኩን ጆርዳን ላቭን መረጠበት። የላቭ የመጀመሪያ ኮንትራት አራቱ ዓመት ተደምሮ 12.4 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። የአራት ዓመት የኳርተርባክ ደመወዝ የቱንሲልን የሰባት ወር አይሞላም።

የ2021ዱ ፒክ ደግሞ ይብሳል። ፒኩን ሲሰጡ ቡድኑ ጥሩ ስለሆነ ሃያዎቹ ውስጥ ይወድቃል ብለው ነበር። በ2020 ቴክሳንስ 4 አሸንፎ 12 ተሸነፈ። ፒኩ 3ኛ ሆነ! በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዳላስ ካውቦይስ ያወጣው፣ ጂሚ ጆንሰን የሚባለው አሰልጣኝ ያስለመደው የፒክ ዋጋ ሰንጠረዥ አለ፤ ዛሬም ብዙ ሰው መነሻ ያደርገዋል። እዚያ ላይ 1ኛው ፒክ 3000 ነጥብ፣ 26ኛው 700፣ 3ኛው 2200 ነው። ሰባት መቶ የሰጡ መስሏቸው ሁለት ሺህ ሁለት መቶ ሰጡ። ማያሚ ያንን 3ኛ ፒክ ለሳን ፍራንሲስኮ ፎርቲናይነርስ ሸጦ በምትኩ ሦስት የመጀመሪያ ዙርና አንድ ሦስተኛ ዙር ተቀበለ።

ማያሚም ሁሉም ነገር አልሰመረለትም። በ2020 ወደ 30ኛ ወርዶ የመረጠው ኮርነርባክ (ተከላካይ) ኖዋ ኢግቢኖገኒ ሳይሳካለት ሄደ። የልጅዎ ሎተሪ ማለት ይህ ነው። ነገር ግን ብዙ ትኬት የያዘ ሰው አንዱ ባይወጣለት አይሞትም።

አሁን የተሳካላቸውን እንይ፤ አሉ። በፌብሩዋሪ 2021 ቺፍስ የሊጉን የዋንጫ ፍጻሜ ሱፐር ቦውልን በታምፓ ቤይ 31 ለ 9 ተሸነፈ። ሁለቱም መደበኛ ታክሎች ተጎድተው ወጥተው ነበር። ኳርተርባኩ ፓትሪክ ማሆምስ በዚያ ምሽት ሲሸሽ ነው ያመሸው። አራተኛው ሩብ ላይ አንድ ኳስ አለች፤ ሰውነቱ ከመሬት ጋር ትይዩ ሆኖ እየወደቀ ወረወራት፣ ነጥብ እስከሚቆጠርበት እስከ ኢንድ ዞን ደረሰች፣ የጓደኛው የራስ ቁር ፍርግርግ ላይ ነጥራ ወደቀች። ያቺን ኳስ ለልጅዎ ያሳዩት። ላይን ሲፈርስ ምን እንደሚሆን ከዚያ በላይ ማስረዳት አልችልም።

ከሁለት ወር በኋላ ቺፍስ ታክሉን ኦርላንዶ ብራውንን ከባልቲሞር አመጣ። የሰጠው 31ኛውን ፒክ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛና የቀጣዩን ዓመት አምስተኛ ዙር ነው። ግን ልብ ይበሉ፤ ከብራውን ጋር 58ኛ ፒክ ተመለሰለት፣ በሱም ሊንባከሩን (ተከላካዩን) ኒክ ቦልተንን መረጠ። የሰጠው የመጀመሪያ ዙርም የዙሩ መጨረሻ አካባቢ ነበር። ደግሞም እዚያ አላቆመም። ጆ ቱኒ የሚባለውን ጋርድ ያለ ፒክ፣ በደመወዝ ብቻ አስፈረመ። ሴንተሩን ክሪድ ሃምፍሪን በ63ኛ ፒክ፣ ጋርዱን ትሬ ስሚዝን በ226ኛ ፒክ መረጠ። አዎ፣ 226ኛ! በአዲሱ ሲዝን መስመሩ ላይ አምስቱም ቦታ ሌላ ሰው ቆመ። ብራውን ሁለት ዓመት ተጫወተ። በሁለተኛው ዓመት ቺፍስ ሱፐር ቦውልን ሲያሸንፍ ማሆምስ አንድም ጊዜ ሳክ አልተደረገም። ከዚያ በረጅም ኮንትራት ስላልተስማሙ ብራውን ወደ ሲንሲናቲ ሄደ። እዚህም ያው የኮንትራት ጉዳይ ነው። ዋንጫ ስለተበላበት ግን ማንም አይቆጨውም።

ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ግን ታክሉ ትሬንት ዊሊያምስ ነው፤ ይህ የእናንተ ቡድን ቁስል ስለሆነ ይቅርታ። ከዋሽንግተን የሕክምና ክፍል ጋር ተጣልቶ የ2019ን ሲዝን ሙሉ ሳይጫወት ቀረ። በ2020 ፎርቲናይነርስ በአንድ አምስተኛና በአንድ ሦስተኛ ዙር ወሰደው። ሠላሳውን አልፎ ነበር። «አርጅቷል» ተባለ። ከዚያ በኋላ በ2021፣ በ2022 እና በ2023 የሊጉ ምርጥ አስራ አንድ ውስጥ ገባ። ላይንማን እንደ ሯጭ ቶሎ አያረጅም፤ ጉልበቱና ጀርባው ጤነኛ ከሆነ ሠላሳ አራት ሠላሳ አምስትም ይደርሳል። ሌላው ቡድን ለመሸጥ የተቸገረበትን ሰው መፈለግ ማለት ይህ ነው። ዋጋውን የሚያረክሰው ብዙ ጊዜ የተጫዋቹ ድክመት ሳይሆን የሻጩ ጭንቀት ነው።

በፌብሩዋሪ 2025 ቺፍስን 40 ለ 22 ያንኮታኮተውን የፊላደልፊያ ኢግልስን ላይን ደግሞ እዩት። ጆርዳን ማይላታ ከአውስትራሊያ ራግቢ የመጣ፣ 233ኛ ሆኖ የተመረጠ። ላንደን ዲከርሰንና ካም ጀርገንስ ሁለተኛ ዙር። ሌን ጆንሰን በ2013 4ኛ ሆኖ የተመረጠ። መካይ ቤክተን ሌላ ቡድን የተወው፣ ለአንድ ዓመት በርካሽ የፈረመ። አምስቱንም ያገኛቸው ለሌላ ቡድን አንድም የመጀመሪያ ዙር ፒክ ለተጫዋች ሳይከፍል ነው። የከፈለው በአሰልጣኝና በትዕግሥት ነው።

«ታዲያ ሁሉም እንደ ኢግልስ ለምን አያደርግም?» ካሉ፣ ላይንማን ማሳደግ ከድሮው ከብዷል። ሊጉና ተጫዋቾቹ በ2011 ካደረጉት ስምምነት ወዲህ ሲዝን ውስጥ ሙሉ ትጥቅ ለብሶ መለማመድ የሚቻለው 14 ጊዜ ብቻ ነው። ላይንማን ደግሞ ያለ ግጭት አይማርም። ዩኒቨርሲቲዎቹም ኳሷን ቶሎ ቶሎ ስለሚለቁ ልጁ ሦስት ሰከንድ ሰው አቁሞ ሳያውቅ ይመጣል። ለዚህ ነው ዝግጁ የሆነ ታክል ዋጋው ሰማይ የነካው።

ሲዝኑ መሃል የሚመጣ ላይንማንን በተመለከተም አትቸኩሉ። የአምስቱን ሰዎች ምልክትና ጥሪ ለመልመድ ሳምንታት ይፈጃል። ከቀኝ ወደ ግራ መዛወር ደግሞ በግራ እጅ እንደመጻፍ ነው፤ እግር፣ እጅ፣ ሚዛን ሁሉ ይገለበጣል። ቡድኑ «ሁለቱንም ጎን ይችላል» ሲልዎት በየትኛው ጎን ስንት ጨዋታ እንደተጫወተ ይጠይቁ።

እንግዲህ ወደ ኮማንደርስ። በማርች 2025 ያንኑ ቱንሲልን ከሂውስተን አመጡት። ዋጋው የዚያ ዓመት ሦስተኛና ሰባተኛ ዙር፣ የ2026 ሁለተኛና አራተኛ ዙር ነበር፤ ከሱ ጋር አንድ አራተኛ ዙር ተመለሰላቸው። ለተመሳሳይ ሰው ከ2019ኙ ዋጋ ጋር አይገናኝም። ይህን ግብይት በወቅቱ ደግፌያለሁ፣ አሁንም እደግፋለሁ። ቢሆንም ያው ወጥመድ እዚህም አለ። ፒኩ ሲሰጥ ቡድኑ ከኤንኤፍሲ ፍጻሜ (ከሱፐር ቦውል በፊት ካለው ግማሽ ፍጻሜ) የመጣ ነበር። በቀጣዩ ሲዝን 5 አሸንፎ 12 ተሸነፈ፤ የሁለተኛ ዙሩ ወረፋም ወደ ላይ ወጣ። ለቀኝ ታክል ደግሞ የ2025ን የመጀመሪያ ዙር ጆሽ ኮነርሊ ላይ አውለዋል። ሁለቱም ጠርዝ ተከፍሎበታል ማለት ነው። የኳርተርባኩ የጄይደን ዳንኤልስ ክርን በኖቬምበር 2025 ከሲያትል ጋር የወለቀውም የጨዋታው ውጤት ከለየለት በኋላ ሜዳ ላይ ስለቀረ ነው። ያ የአሰልጣኝ ውሳኔ እንጂ ታክል የሚፈታው ነገር አይደለም።

ስለዚህ ሁለት የመጀመሪያ ዙር ለአንድ ላይንማን፣ አይደረግም። አንድ የመጀመሪያ ዙር እንኳ የምቀበለው አራት ነገር በአንድ ላይ ሲሟላ ብቻ ነው። ኳርተርባኩ ገና በርካሹ የመጀመሪያ ኮንትራቱ ላይ ያለና ብቃቱን ያሳየ መሆን አለበት። ላይኑ ላይ ያለው ቀዳዳ አንድ ብቻ መሆን አለበት። ቡድኑ አሁኑኑ ለዋንጫ የሚጫወት፣ ፒኩም የዙሩ መጨረሻ ላይ እንደሚውል የሚታመን መሆን አለበት። ደግሞም ተጫዋቹ ግብይቱ በተፈጸመበት ቀን ረጅም ኮንትራት መፈረም አለበት። ይህን የመጨረሻውን የጎደለው ግብይት፣ ሌላው ሁሉ ቢሟላም፣ እንዲተውት እመክራለሁ።

ከ5 ለ 12 ለመጣ ቡድን ከአራቱ ቢያንስ ሁለቱ የሉም። ኮማንደርስ የቀረው ሥራ መሃሉ ላይ ነው፤ ጋርድና ሴንተር። እነሱ በሁለተኛና በሦስተኛ ዙር፣ በነፃ ዝውውር፣ አንዳንዴም እንደ ትሬ ስሚዝ በስድስተኛ ዙር ይገኛሉ። ከሌላ ቡድን አምጡ ከተባለም ከአንድ ሦስተኛ ዙር አይለፉ፤ ዋጋውንም ከሐኪም ምርመራ በፊት አይዝጉ።